ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ

ልብስ ሰፊዋ ከታላቅ ወንድሟ ከሠዓሊው ጋር ከተኳረፈች አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። ጠቡ የተነሳው እናታቸው በሞተች ሰሞን ነው። እናትየው ካሜራ ስታይ ፊቷን በሻርፕ የምትሸፍን ሴት ስለነበረች፣ ለማስታወሻ የሚሆን አንድ ደህና ፎቶ እንኳ ከቤት ታጣ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ በለቀስተኛው ፊት ወደ ወንድሟ ዞረችና የሆዷን ዘረገፈችው።

"ጫማ ጠጋኙን ስለሃል። የሰፈሩን ሰካራም ሳይቀር ስለሃል። የወለደችህን ግን አንድ ቀን አልሳልካትም" አለችው።

ሠዓሊው ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እግሩ ቤቷን አልረገጠም። በዘመድ በኩል ደህንነታቸውን ከመጠያየቅ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

አንድ ሥዕሉ ግን እሷ ዘንድ ነበር። ከጠቡ ብዙ ዓመት በፊት፣ እዚህ ቤት ስትገባ ያመጣላት ነው። ከስፌት ክፍሏ ወደ ማድ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ሰቅላዋለች፤ ሁለት ሰው በጎን ካልሆነ የማይተላለፍበት ጠባብ ኮሪደር ነው። ሥዕሉ የአንድ ግቢ ነው፦ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ፣ ከዚያ ወዲያ ግራጫና ቡናማ የተለጣጠፈ ቀለም። ደንበኞቿ ሲጠይቋት "ወንድሜ የተረፈውን ቀለም የጠረገበት ነው" ትላቸዋለች። ከተጣሉ በኋላም ያላወረደችው፣ እንደ እሷ አባባል፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ስለሚሸፍንላት ነው።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት የጋለሪ ኃላፊ በሯን አንኳኳች። የሠዓሊው የአርባ ዓመት ሥራ ባንድ ላይ ሊታይ ስለሆነ ሥዕሉን በውሰት ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ሠዓሊው በእጁ ጽፎ በሰጣት ዝርዝር ከሁሉ በላይ የሰፈረው ይኸው "ግቢው" የተባለው ሥዕል መሆኑን ስትነግራት ልብስ ሰፊዋ ግራ ገባት። ቢሆንም አልከለከለችም። ፈርማ ሰጠቻት፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዱት።

በመክፈቻው ቀን ጥሪ ቢደርሳትም አልሄደችም። በአራተኛው ቀን ግን "ፍሬሙን ጎድተውት እንደሆን ልየው" በሚል ሰበብ ስፌቷን አቋርጣ ሄደች። አዳራሹ ረጅም ነው። በበሩ ስትገባ ሥዕሉ ፊት ለፊት፣ ዳር ባለው ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሏል።

ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከአንሶላው ጀርባ ሴት አለች። አጭር ናት፤ ገመዱ ላይ ለመድረስ በእግሯ ጣት ተንጠራርታለች። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳለች። ፀሐዩ አንሶላውን አልፎ ጉንጯ ላይ አርፏል። እናቷ ናት።

ተቻኩላ ቀረበች። እናቷ ጠፋች፤ ያው የተለጣጠፈ ቀለም ሆነ። ወደ ኋላ ስትል እናቷ መጣች። እንዲህ ሦስቴ ስትመላለስ ያያት ዘበኛ ወንበር ይዞላት መጣ።

"ከዚህ ሆነው ነው የሚያዩት፣ እትዬ" አላት። "ሠዓሊው ራሱ ስምንት እርምጃ ቆጥሮ ነው ያሰቀለው።"

ቀድሞ የመጣባት እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። ወንድሟ ከኋላ ባለችው ቢሮ እንዳለ ከዘበኛው ሰምታ ሳታንኳኳ ገባች። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል። ብድግ አለ።

"ለምን አልነገርከኝም፣ ጋሼ?"

"ኮሪደር ውስጥ ሰቀልሽው።"

"ግድግዳ ቀይሪ ብትለኝ ምላስህ ይታሰር ነበር?"

መጀመሪያ ራሷ እስክታገኘው እየጠበቀ እንደነበር ነገራት። በኋላ በሰው ፊት ስታዋርደው ከፋው፤ ከዚያ ደግሞ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ አፉን መክፈት እየከበደው ሄደ። "በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"ዝንቡስ አልገባም። እህትህ ግን ወጣች።"

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ንዴቷ ወደ ራሷ ዞረ። ደንበኛ ልብስ ሲለካ መስታወቱ ሥር እንዲለጠፍ አትፈቅድም፤ "ራቅ ይበሉ፣ አወራረዱ ከሩቅ ነው የሚታየው" ብላ እስከ በሩ ትመልሰዋለች። ለማያውቁት ሰው ቀሚስ ጫፍ ያን ያህል የምትራቀቅ ሴት፣ የወንድሟን ሥራ በእጇ ጨርቅና ሰሃን ይዛ ስታልፍ ብቻ ነው ያየችው። አንድ ቀን እንኳ "ይህ ምንድን ነው?" ብላ አልጠየቀችውም። ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችው።

እሱም እናታቸውን ተቀመጪልኝ ብሎ ስንቴ እንደለመናት አወራላት። "ሥራ አለብኝ" እያለች እምቢ ስላለችው በመስኮት ሰርቆ ሳላት። ሲጨርስ አሳያት።

"ምን አለች?"

"ገመዱ ረግቧል፣ አጥብቀው አለችኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም ከሳቋ ጋር መጣ።

ዐውደ ርእዩ እስኪዘጋ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እየሄደች እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ሥዕሉ ላይ የሚለጠፍ ጎብኚ ስታይ "ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ" ትላለች። የጋለሪው ሠራተኛ የመሰለቻቸው ብዙ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላም ብለው ወደ ጎንም ሄደው ከአንሶላ ሌላ ምንም አልታይ አላቸው። እሷም አልተከራከረቻቸውም፤ አንሶላውም ቢሆን ጥሩ አንሶላ እንደሆነ ነግራ ሸኘቻቸው።

ሲዘጋ፣ ሥዕሉ እዚያው አዳራሽ ይቆይ እንደሆን ኃላፊዋ ጠየቀቻት። ሦስት ቀን አሰበችበትና እሺ አለች።

ሠዓሊው አሁን እሑድ እሑድ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስፌት ክፍሏ ይመጣል። እናታቸውን ሁለቱ እንደሚያስታውሷት፣ ተቀምጣ፣ ፊቷ ሳይሸፈን ሊስላት ነው። እሱ ሻርፑን ከፊት ነበር የምታስረው ይላል፤ እህቱ ከኋላ ነው ትላለች። አምስት ወረቀት ተበላሽቷል፤ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።