የሁለት ልጆች አባት

«የሁለት ልጆች አባት ነበሩ ብለሽ ዝጊው» አለና ኒቆዲሞስ ወረቀትና እስክሪብቶ ፍራሹ ላይ አኖረላት። «አንቺ እያለሽ ለባዳ አናስጽፍም። ታሪክ አይደል የምትማሪው?»

እፀገነት ወረቀቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። አባቷ ወልደ ማርያም ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ሬሳ አያስቆይምና ቀብሩ በጥድፊያ ሆነ፤ የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብለት አፈር ለበሰ። ይህ ነገር አጎቷን ኒቆዲሞስን ከንክኖት፣ በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ሳይነሣ ይነበባል ብሎ ለዕድርተኛው ቃል ገብቷል። ሁለቱ ልጆች ማለት እሷና ታናሿ ሃኒ ናቸው።

ዮኒስ ጆጉንና ማስታጠቢያውን ይዞ ከድንኳኑ ደጃፍ መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከመርዶው ቀን ጀምሮ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ወንበር ይደረድራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ለቀስተኛ ያስታጥባል። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሣም፤ ተነሥቶ የሚያሳልፈው ሌላው ሰው ነው። ዮኒስ ደግሞ አንዴም ተቀምጦ ስላልታየ፣ ሰዉ የሟች ወዳጅ ልጅ ነው ብሎ እየመረቀው ያልፋል። ሴቶቹ ብቻ ቁርጥ የሟቹን የመሰለ አፍንጫውን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ እፀገነት ዞር ስትል ስለ ሙቀቱ ማውራት ይጀምራሉ።

ማወቁንስ እሷም ታውቃለች። ካወቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የከፋውም ይኸው ነው።

የምትማረው የጠዋት ትምህርት በጸሎት በሚከፈትበት የክርስቲያን ኮሌጅ ነው። አባቷ ጎረቤት ፊት «ልጄ ታሪክ አጥኚ ናት» እያለ ይኮራባት ነበር፤ ቤት ሲገባ ግን «የሙት ወሬ ለመልቀም አራት ዓመት?» ይላታል። ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህሯ፣ ከቤተሰባችሁ አንድ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ አሏቸው። ሕጋቸውን ያመጡት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ያልጸና ነገር አይጻፍም። እሷም ለዕረፍት መጥታ ስልኳን ለመቅጃ አባቷ ፊት አስቀመጠች። ወልደ ማርያም የጅቡቲውን መስመር፣ የባቡር ጥገናውን፣ በቀትር የሚፋጀውን ሐዲድ አጣፍጦ ሲያወራ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሰው ዘንቢል ሙሉ ማንጎ ይዞ «አባ፣ እንዴት ዋልክ?» አለ። አባቷ ዘንቢሉን ተቀበለና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው።

ዘንቢሉን ጓዳ አኑሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ማነው ብትለው ወደ ስልኩ አመለከተ።

«አጥፊው።»

አጠፋችው። በጽሑፏም ላይ ሁለት ልጆች ብላ አሰፈረች። መምህሯ ጥሩ ውጤት ሰጥተው ከግርጌው አንዲት መስመር ጨመሩበት፤ ምስክርሽ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው የት አለ?

ሌላው ይኸው፣ እጇ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነው።

«መንጃ ፈቃድህ ላይ የማን ልጅ ይላል?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ዮኒስ ዐያንሌ። የእናቴ አባት ነው።» ማስታጠቢያውን አስተካከለ። «ልጅ ሆኜ አባትህ የት ነው ሲሉኝ፣ ባቡር ላይ ነው እል ነበር። ተይው አቦ፤ ታጠቢ።»

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እፀገነት ወደ እናቷ ተጠግታ ዮኒስ ማነው ብላ ጠየቀች። ወይንሸት የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ዞር ብላ አየች።

«ዐስሊ ትባል ነበር እናቱ፤ ቤቷ መጋላ ሰፈር ነበር» አለች። «አባትሽ ሲያገባኝ ልጅ የለኝም ብሎ ካህን ፊት አፉን ሞልቶ ተናግሯል። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። አሁን ብታነቢው እሱ ሞቷል፤ የምዋረደው እኔ ነኝ። ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ።»

ሁለት ምስክር ሞላ። እፀገነት በዚያው ቀን ጻፈችው፤ የሦስት ልጆች አባት ብላ፣ ስማቸውን በየዕድሜያቸው ደርድራ፣ ዮኒስን አስቀድማ። ወረቀቱን አጥፋ ለማንም ሳታሳይ ያዘችው።

በሣልስቱ ኒቆዲሞስ ማይክራፎኑን አስያዛት። የባቡሩን ዘመን ስታነብ ድምጿ አልከዳትም፤ ሽማግሌዎቹም ልክ ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታያታለች። ዮኒስ ጆጉን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ እሱ አያያትም፣ መሬት መሬት ያያል።

«ባለትዳርና» አለች፤ የቀረውን ጽሑፍ በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። «የሁለት ልጆች አባት ነበሩ።»

ነፍስ ይማር ተባለ። ኒቆዲሞስ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ታሪክ ማለት ይኼ ነው አላት። እሷ ግን ራሷን ጠላች። ያኔ አባቷን ፈርታ ነው ያጠፋችው፤ ዛሬ እውነቱ በእጇ ተጽፎ ሳለ በገዛ አፏ ሰረዘችው።

ምሳ ተበላ። ዕድርተኞቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ዮኒስ እንግዳውን ሁሉ አስታጥቦ ሲጨርስ ወደ እሷ መጣና ጎንበስ አለ። እፀገነት እጇን አልዘረጋችም። ከፍራሹ ተነሣች። ኒቆዲሞስ ሐዘንተኛ አይነሣም እያለ ሊያስቀምጣት መጣ፤ አልሰማችውም። ጆጉንና ማስታጠቢያውን ከዮኒስ ተቀበለችና የተነሣችበትን ቦታ በአገጯ አሳየችው።

«ተቀመጥ።»

«ድንኳኑ እየተነሣ ነው እኮ» አለ።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ።»

ሰዉ ወሬውን አቋረጠ። እናቷ ፊቷን አዞረች። ዮኒስ ጥቂት ቆሞ ቆየና ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ፣ ከሃኒ አጠገብ ተቀመጠ። በዚያው ሸራው ከላያቸው ተገፎ ፀሐይ ገባባቸው። ሁለት እጆቹን ዘረጋላት፤ እሷም ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሰችለት። ፎጣ ያቀበለ ሰው አልነበረም። ተንበርክካ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ አደረቀችለት።