ጫማ ሳያወልቁ የሚያልፉ ሰዎች

የባለቤቴ ወንድም ኖርማን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እንደ ሰው ተሰልፎ አያውቅም። ሌላው ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲ ሲንከላወስ እሱ በጎን ባለችው አጭር ሰልፍ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ ሹልክ ይላል። ለመንግሥት አሻራውን ሰጥቶ፣ ሰማንያ ዶላር ገደማ ከፍሎ፣ ለአምስት ዓመት የታመነ ሰው ተብሏል። እሷንም ቢሆን ከኪሱ አላወጣትም፤ ክሬዲት ካርዱ መለሰለት። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው ይሄው ነው።

እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኢሪ ከተማ ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ጡብ የደረደርኩ ግንበኛ ነኝ። ኖርማን የባንክ ሰው ነበር። በሠርጋችን ቀን ብርጭቆውን አንስቶ፣ "እህቴ ሎርና ሲሚንቶ አገባች፤ እንግዲህ ሲደርቅ እናያለን!" ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አርባ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ጆሮዬ ይግላል።

ሎርና መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮናል። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለኖርማንማ እንዴት ተደርጎ! እህቷ አርሊን የምትኖረው ከእኛ ርቆ በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ቱሳን ነው፤ ሳንባዋ ደክሞ ከቤት አትወጣም። ሎርና የገዛ ልጆቿን ስም እያምታታች አርሊንን ግን ገና ታውቃታለች። ድምጿን በስልክ ስትሰማ ግንባሯ ይፈታል። ሐኪሙም፣ "ልትወስዳት ካሰብክ አሁን ውሰዳት፤ ለፀደይ አታቆየው" አለኝ።

ጥቅምት ላይ ሞክረን ነበር። ጫማችንን አስወለቁን። ሎርናን ከእኔ ለዩና መላ አካል የሚፈትሸው የመስታወት ሳጥን ውስጥ አቁመው እጅሽን አንሺ አሏት። አነሳች፤ ረሳችውና አወረደች። "አንሺ!" አሏት፤ አነሳች፣ አወረደች። በሦስተኛው አንዲት ጓንት ያጠለቀች ሴት ከኋላዋ መጥታ ወገቧን ስትይዛት ሎርና ጮኸች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። ሱሪዋ ረጠበ። ጃኬቴን ወገቧ ላይ አሰርኩላትና ወደ ቤታችን መለስኳት። ለኖርማን በረራው ተሰረዘ አልኩት።

ጥር ላይ እንደገና ትኬት ቆርጬ ነበርና ኖርማን ደወለ።

"ሰማንያ ዶላር እኮ ነው፣ ሮላንድ! እህቴን በካልሲ የምታንከራትታት ለሰማንያ ዶላር ብለህ ነው? ከጨነቀህ እኔ ልክፈልልህ?"

"ሲሚንቶ ገንዘብ አያጣም" አልኩና ዘጋሁበት።

ለበረራው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሎርናን ይዤ ለአጭሯ ሰልፍ ወደሚመዘግበው ቢሮ ሄድኩ። ከልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ብሪያና የምትባል፣ ጥፍሯን አረንጓዴ የተቀባች ልጅ ተቀበለችን። የሎርናን አሻራ አንስታ የተወለደችበትን ቀን ጠየቀቻት። ሎርና ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መለስኩ። አድራሻዋን ጠየቀቻት፤ አሁንም ወደ እኔ። ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች።

ተራው የእኔ ሆነ። ጣቴን መስታወቱ ላይ ጫንኩ፤ መሣሪያው ቀይ አበራ። በእርጥብ ወረቀት አጸዳችልኝ፤ ቀይ። ቅባት ቀባችልኝ፤ ቀይ።

"አባባ፣ አሻራዎ እኮ አልቋል! ምን ሲሠሩበት ኖረው ነው?"

"ከተማሽን።"

ሳቀች። የሳቀችው በእኔ ስላልነበረ አልከፋኝም።

"ልልከው እችላለሁ፤ ግን ሊመለስ ይችላል። ያኔ እንደገና መምጣት ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። እሳቸው ቢፈቀድላቸው እንኳ በአጭሩ ሰልፍ ለብቻቸው ነው የሚያልፉት፤ እርስዎ በረጅሙ።"

"ባልና ሚስት ነን እኮ!"

"እርስዎ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላዎት ልጅ ቢሆኑ አብረው ያልፉ ነበር።"

"ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።"

"ትንሽ ዘግይተዋል እንግዲህ" አለችና የባንክ ካርዴን ስዘረጋላት ሳትቀበለኝ ድምጿን ቀነስ አደረገች። "በአጭሩም ሰልፍ ቢሆን መሣሪያው ከጮኸ በእጅ ይፈትሿቸዋል። ለታመመ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ከሦስት ቀን በፊት ስልክ ይደወላል፤ አንድ ሰው መጥቶ አብሯችሁ ይቆማል። አያስከፍልም።"

"ታማለች ያለሽ ማነው?"

"ማንም አላለኝም፣ አባባ።"

ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ወደ እኔ ገፋችው። "ካርዱን ልቀበልዎት ወይስ ይቆይ?"

ስምንት መቶ ብትለኝ እከፍላት ነበር። የከፈለን ሰው ማንም ምን ሆነህ ነው ብሎ አይጠይቀውም። የሚለምን ግን አፉን መክፈት አለበት፤ እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ ያገኘሁት ነገር የለም። አንድ ጊዜ የሥራ አለቃ አድርጉኝ ብዬ ብጠይቅ፣ "መጀመሪያ ማንበብ ተምረህ ጨርስ" ብለው ሠራተኛ ፊት አዋርደውኛል። ካርዱ እጄ ላይ እንዳለ ቆየሁ። ሎርና ከአጠገቤ የጃኬቴን ጫፍ ይዛለች። ለብቻዋ በአጭሩ ሰልፍ ስትገባ፣ እኔን ፍለጋ ስትዞር ታየችኝ።

"ይቆይ" አልኩ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ለሎርና ዶናት ሰጠኋትና ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። የበረራውን ቁጥር ወሰደችና፣ "ፍተሻው ላይ ባለቤትዎን የሚያስቸግራቸው ምንድነው?" አለችኝ።

"ጉልበቷ።"

"ጉልበቴ ደህና ነው" አለች ሎርና ዶናቷን እያኘከች።

"አንቺ ዝም በይ፣ የኔ እመቤት።"

"ትረሳለች በላት። ኖርማን የሚሰማህ መሰለህ እንዴ?"

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቅኩላት መስሎኝ! ለካ ስደብቅ ታየኝ ኖሯል። ከንፈሯ ላይ ያለውን ስኳር ጠረግኩላትና የበሽታውን ስም ለሴትዮዋ ነገርኳት። ሴትዮዋ አልቸኮለችም።

"የሚፈትሻቸው ሰው ምን ይወቅልዎት?"

"ከኋላ አይምጣባት። ሳይነካት በፊት እጁን ያሳያት፤ የት እንደሚነካትም ይንገራት። ቶሎ በይ አይበላት። አንድ ነገር ብቻ ይዘዛት፤ ሁለት ከሆነ ይጠፋባታል።"

"ሌላስ?"

"ሹራቧን አያስወልቋት፤ ይበርዳታል። ስትጨነቅ አውራ ጣቷን ታሻለች፤ ያኔ ትንሽ ይጠብቋት።"

"እርስዎስ የት ቢቆሙ ይሻላል?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ፊት ለፊቷ" አልኩ። "እንድታየኝ።"

የበረራው ቀን አንድ ወፍራም ሰውዬ ፍተሻው በር ላይ ጠበቀን። ጓንቱን ፊቷ አጠለቀ፤ ሁለቱን እጆቹን አሳያት። "አሁን ትከሻዎን ነው፣ እማማ" ይላታል፤ ይነካታል፤ ያቆማል። አንዴ አውራ ጣቷን ማሸት ስትጀምር ወደ ኋላ ሸሽቶ ቆመላት። እኔ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኜ ዓይኗን ያዝኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። በአጠገባችን ስንቱ የኖርማን ቢጤ ሳይቆም አለፈ።

የአውሮፕላኑን ጥሪ ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

"አለፋችሁ?" አለኝ ኖርማን።

"አለፍን።"

"በመጨረሻ ከፈልክ ማለት ነው!"

"አልከፈልኩም። ነግሬያቸው ነው።"

"ምን ብለህ ነገርካቸው?"

ሎርና ትከሻዬ ላይ ራሷን ደገፍ አድርጋለች። "ኖርማን፣" አልኩት፣ "ቆመህ ከሆነ መጀመሪያ ቁጭ በል።"