አራተኛው የሆስፒታል ልብስ

«ለመሆኑ የእማ የሆስፒታል ቀጠሮ መቼ ነበር?»

የልብስ ሰፊዋ ወንድም ይህን ሲጠይቅ ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ወንድሟ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መርዶው ሩቅ መንገድ ላይ ደርሶት፣ የእናቱ ቀብር አምልጦት፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገና መግባቱ ነው። ልብስ ሰፊዋ እህቱ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች።

«ሐሙስ ነው የገባችው» አለች አክስታቸው ቶሎ ብላ።

«የገባችበትን አልጠየቅኩም አክስቴ። ቀጠሮዋን ነው።»

«እስኪ መጀመሪያ እህል ቅመስ፣ ከመንገድ ነው የመጣኸው። ሻይ ስጡት እንጂ!»

ቀጠሮው ረቡዕ እንደነበር ከልብስ ሰፊዋና ከአክስቷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አክስቷም ሦስት ቀን ሙሉ ስትሸፋፍንላት ከርማለች። ወንድሟ ከሰማ ግን አበቃ፣ ዓይኔን አያየውም ብላ ፈራች። እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ወንድሟንም ልታጣ ነው።

እናታቸውን ከልጆቿ በቀር ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ቁጣዋ ከመርፌዋ የባሰ የሚያም ሴት ነበረች። ሐኪሙ «ዳሌዎ በቀዶ ሕክምና ተሠርቶ እስኪጠግን ሁለት ወር መተኛት ይኖርብዎታል» ሲላት ዕንባ የለ፣ ምን የለ፤ ቤት እንደገባች ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አለች። የራሷ ትራስ። ገመዱ ረጅም የሆነ ቻርጀር፣ «ሶኬቱ ሁልጊዜ ከአልጋው ማዶ ነው»። የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ። የከንፈር ቅባት። የጆሮ መድፈኛ፣ «አጠገቤ የምታንኮራፋ አትጠፋም»። ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«የእነሱን ጋውን አልለብስም። ስንቱ ጀርባው ተጋልጦ ሲሳቀቅ አይቻለሁ፤ የኔን ማንም አያይም። አራት ስፊልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ የደንበኞቿን ሥራ ሁሉ ትታ ማሽኗ ላይ ተተከለች። ሦስቱ ማክሰኞ አለቁ። ሲስተር አንዱን ለበሰች፣ ክንዷን ዘረጋች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ እጅጌ ግሉኮስ ሲተከልብኝ እንዴት ነው የሚወልቀው? በጥርስ ነው የምታወልቁልኝ? ፍቺው!»

እስከ ትከሻው ተከፍቶ በማሰሪያ የሚታሰር መሆን ነበረበት። ሦስቱንም ፈታ እንደገና መስፋት ጀመረች። ረቡዕ ጠዋት የሚሄዱበት ሰዓት ሲደርስ ገና ሁለተኛው ላይ ነበረች።

«እማ፣ ነገ ብንሄድስ? አንድ ቀን ምን ያመጣል? ሁሉ ነገር ተሟልቶልሽ ብትገቢ ይሻላል።»

እናቷ ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ሳብ አደረገች። «እሺ» አለች፣ «ግን በደንብ ስፊው።»

ሐሙስ ጠዋት አራተኛው ሁለት ማሰሪያ ሲቀረው «በቃ፣ ይሄ ይበቃኛል፣ ተነሺ» ብላ አስነሳቻት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። በአዲሱ ልብሷ፣ የራሷን ትራስ ተደግፋ አልጋዋን ያዘች። ከሰዓት በኋላ እግሯ ላይ ረግቶ የቆየ ደም ወደ ሳንባዋ ወጥቶ ዘጋውና አረፈች። ሐኪሙ «ትናንት ገብተው ቢሆን ደም የሚያቀጥነውን መርፌ እንጀምርላቸው ነበር» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ብቻ አለው። ለሁለት ወር ተሰናድታ አንድ ቀን እንኳ አልሞላላትም።

«ረቡዕ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አክስቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። እሷ ግን አልተወችም።

«ቀጠሮው ረቡዕ ነበር ጋሼ። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ልብሱ አላለቀም ነበር።»

«የምን ልብስ?»

«ሆስፒታል የምትለብሰው። እጅጌው አይሆንም ብላ አስፈትታኝ።»

«ለጨርቅ ብለሽ?» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «ለጨርቅ ብለሽ እናቴን?»

ለቀስተኞቹ አቀረቀሩ። አንዲት ጎረቤት «ኧረ ተዉ ልጆች፣ ሰው ፊት» አለች፤ የሰማት የለም።

ሾፌሩ ብድግ አለ። ጥሎኝ ሊወጣ ነው ስትል ወደ ስፌት ክፍሏ ገባ። ተከተለችው። አራተኛው ልብስ ማሽኑ ላይ ነበር። አንስቶ አገላበጠው፣ ወፍራም ክንዱን እስከ ትከሻው በተከፈተው እጅጌ አስገባ፣ አወጣ።

«ለዚህ እጅጌ ነው ያስፈታችሽ?»

«አዎ። ሦስቱንም።»

«እሷማ እሷ ናት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ልትነካው ፈለገች፣ አልደፈረችም።

«አልማርኩሽም» አለ ሳይዞር።

«አውቃለሁ።»

«ገና አልማርኩሽም። ምን ቀረው?»

«ሁለት ማሰሪያ።»

«ጨርሺው። እማ ጅምር ሥራ ስታይ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ።»

ተቀመጠች። ክሩ ተበጥሶ ነበር፤ መርፌው ውስጥ ልታስገባው ብትል እጇ አልታዘዝ አላት። ሾፌሩ ቆሞ አያት፣ አያትና እጇን ገፋ አደረገው። ክሩን ምላሱ ላይ አርሶ ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሳተው። እንደገና አረሰው፣ እንደገና ሳተው። በሦስተኛው ገባለት፤ ሳብ አድርጎ አስረዘመላትና ከኋላዋ ቆመ።