አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ

በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ ጋሽ ፊውዝ ነው የሚሉት፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። ለሞተሩና ለመብራቱ ኃይል የሚያከፋፍሉት የዝቅተኛ ቮልቴጅ ቦርዶች ኃላፊ ነው። ከውጭ አስራ አምስት ሺህ ቮልት የሚቀበለው የመካከለኛ ቮልቴጅ ቦርድ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ፣ በሌላ ክፍል፣ በገዛ ሴት ልጁ እጅ ነበር።

ለአዲሱ ማሸጊያ ማሽን ቦታ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው መላ ጠየቁ። ጋሽ ፊውዝ ማን ቀድሞት።

«ሁለት ክፍል፣ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ማራገቢያ ምን ያደርግልናል? ሁለቱንም አንድ ክፍል እናስገባቸው።»

ልጁ «አባዬ፣ እሱ ነገር እኮ...» ብላ ስትጀምር «ቆይ አንቺ» አላት።

እውነት ለመናገር ሥራው ያምር ነበር። ወለሉን በጠመኔ አሰመረ፤ ቦርዶቹን ፊት ለፊት አቆመ፤ በሮቻቸው ሁሉ ተከፍተው እንኳ ሰው ሮጦ የሚያመልጥበት መንገድ ተወ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርጉት ደረቱን ነፋ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለውን ያስታወሰው ዘግይቶ ነው።

ኃይል በተለቀቀ ማግስት የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሲመጣ በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ አየ፦ የመካከለኛ ቮልቴጅ ፈቃድ የሌለው መግባት አይችልም። ልጁ ቁልፉን ይዛ ቆማለች።

«ፈቃድህስ አባዬ?»

ካርዱን አወጣና እንደማያውቀው ሰው ገልብጦ አነበበው። ዝቅተኛ ብቻ ይላል። ክፍሎቹ ተለያይተው ሳሉ ይኼ ለማንም ጉዳይ አልነበረም።

ከስድስት ዓመት በፊት የመካከለኛ ቮልቴጅ ስልጠናው ዕድል የመጣው ለእሱ ነበር። «እኔን ሃያ ዓመት የሠራሁትን ማን ሊያስተምረኝ ነው?» ብሎ ቅጹ ላይ የልጁን ስም ሞላ።

የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት፣ አለ በሆዱ። የለካው እሱ፣ የተጨበጨበለት እሱ፣ ውጭ የቀረውም እሱ። ቦርዶቹ ፈቃድ ላለው ለሌላ ሰው ይሰጣሉ ብሎ ሲያስብ ግን በራሱ መሳቁን ተወ። ከልቡ ፈራ።

«ያን ዕለት ልነግርህ ነበር» አለች ልጁ።

«አውቃለሁ። አፍ ሲታደል ቀድሜ ተሰልፌ፣ ጆሮው ላይ አልደረስኩም።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሰልጥነህ እስኪፈቀድልህ ከእኔ ጋር ትገባለህ። እጅህን ወደ ኋላ አድርግ፣ በዓይንህ ብቻ እይ።»

ሕፃን ሳለች ቦርዶቹን ሊያሳያት ያመጣት ዕለት፣ ቃል በቃል እንዲህ ያላት እሱ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተከተላት። አፈረም፣ ኮራም። የራሱ ቦርዶች በተርታ ቆመው ሲያያቸው ሰላም ሊላቸው ምንም አልቀረው።

«ስልጠናው መቼ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰኞ።»

«እንግዲያው ቅጹን ስጪኝ፣ ልሙላ።»

«ሞልቼልሃለሁ» አለች፤ «ወለሉን በጠመኔ ያሰመርክ ዕለት።»