አምስት መቶ ስልሳ አንደኛው ምዕራፍ

ሰው በየቀኑ ሰው እየገደለ፣ ሞቱን ሞት ማስመሰል የሚችለው እስከ መቼ ድረስ ነው? እትዬ ሙሀባ መነጽራቸውን ባጠለቁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣባቸዋል፤ መልስ ግን አግኝተውለት አያውቁም።

ገዳይዋ የልጅ ልጃቸው ሲሃም ናት። የምትገድለውም በስልኳ ነው። «የቀይዋ ጨረቃ ቦዮች» የሚል ልብ ወለድ በቴሌግራም ታወጣለች፤ ዝናብ የማታውቅ ጨረቃ ላይ ውሃ በማሽን እየተለካ ስለሚታደልባት፣ ሰው በጥማትና በጨረር ስለሚያልቅባት ከተማ። በቀን አንድ ምዕራፍ ሳታጓድል ትጽፋለች። ሠላሳ ሲሞላ፣ ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ፀጋዬ አንድ ላይ አትሞ መናኸሪያው አካባቢ ያስሸጠዋል። ይኸው በአሥራ ዘጠኝ ወር ውስጥ አሥራ ዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ ደርሳለች።

እትዬ ሙሀባ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ምዕራፉ ከመውጣቱ በፊት የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ በፊት የጻፈቻትን አንዲት መጽሐፍ ያስታውሳሉ፤ ሁለት ዓመት ነበር የለፋችባት። አንድ ሰው በውሃ ጥም ሲሞት ለመጻፍ ሦስት ቀን ሙሉ ምራቋን እየዋጠች ግቢው ውስጥ ስትንቆራጠጥ አይተዋታል። ሲያነቡት የራሳቸው ጉሮሮ ደርቆ፣ ተነሥተው ከእንስራው ቀድተው ጠጡ። አሁን በአንድ ገጽ አርባ ሰው ያልቃል። የሁሉም አንገት ይቀላል፣ የሁሉም ደም እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ አንባቢውን ግን ውሃ እንኳ አይጠማውም። አንድ ጊዜማ ሆዱ ተዘርግፎ የሞተ አዛዥ ሰማንያ ምዕራፍ ቆይቶ ሻይ ሲጠጣ አገኙት።

«ይኼ ሰውዬ ሞቷል እኮ» አሏት።

«መንታ ወንድሙ ነው እላለሁ፣ እምዬ።»

«መንታውም ባለፈው ወር ሞቷል።»

ሲሃም ሳቀች እንጂ አላፈረችም። ብዙ የጻፈ እጁ ይፍታታል፣ ከመቶ ምዕራፍ አንዱ ወርቅ ከሆነ ይበቃል፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍም ሰው ቢሆን መናኛ ይጽፋል ብላ ተከራከረቻቸው። ፀጋዬ ደግሞ አንባቢ ማለት ግሪሳ ወፍ ነው ይላታል፤ ዛሬ ካንቺ ማሳ ፍሬ ካጣ ነገ ሌላ ማሽላ ላይ ነው የምታገኚው። እሷም ይህን ፈርታ፣ ታማም ቢሆን አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ወባዋ ተነሣባት። ብርድ ልብስ ተከናንባ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ስልኳን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አንድ መስመር አልመጣላትም። ዓይኗ እንባ አዘለ። የመጀመሪያዋ የምትጓደል ቀን ልትሆን ነው። እትዬ ሙሀባ ጭንቀቷን ማየት አቃታቸው። የልጅቷ እናት ከሞተች ወዲህ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ጎደለብኝ ስትል ዝም ማለት አያውቁበትም።

«እኔ ልስጥሽ» አሏት። «ድሮ ማጀቴ ከተማ በኩል የሆነ ነገር ነው።»

ነገሯትም። ሁለት ሰዎች በመስኖ ውሃ ተራ የተነሣ ቦይ አፍ ላይ ተጣሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ግድቡን ሲከፍት ሌላው ከኋላው በአካፋ ጠርዝ ማጅራቱን መታው። ሰውየው አልሞተም። ዞሮ እጁን ሲዘረጋ ሁለተኛው ምት መዳፉን ለሁለት ሰነጠቀው። በሦስተኛው ወደቀ፤ ወድቆ ግን መጮህ ጀመረ። ያን ጊዜ ገዳዩ ደረቱ ላይ ተቀምጦ፣ ከቦዩ ጭቃ እየዛቀ አፉን ሞላው። በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀ፣ እግሩ መንፈራገጡን እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ አካፋውን አጠበ። ውሃውን ወደ ራሱ የማሾ ማሳ መለሰ። ቤቱ ገብቶ ምሳ ጠየቀ።

ነገሩ ድሮ የሆነ አልነበረም፤ ማጀቴም አልነበረም። የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ እዚሁ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ላይ ነው። ሟቹ ጎረቤታቸው ኢልያስ ነበር። ገዳዩ የገዛ ልጃቸው ኢብሮ፤ ለሲሃም አጎቷ ነው። እትዬ ሙሀባ ማሽላ ውስጥ ተቀምጠው፣ የተከናነቡትን ጉፍታ ነክሰው አይተዋል። ምሳውንም ያቀረቡለት እሳቸው ናቸው። ማየታቸውን ለሱም ለማንም ሳይነግሩ ዓመቱ አለፈ፤ ፖሊስም ገዳዩን ሳያገኝ ቀረ።

ሲሃም ትኩር ብላ አየቻቸው እንጂ ምንም አልጠየቀችም። ከትኩሳቷ ጋር እየታገለች ቀኑን ሙሉ ጻፈችው። ስትጨርስ እትዬ ሙሀባ አነበቡ፤ መሐል ላይ ሲደርሱ አፋቸው ጭቃ ጭቃ አላቸውና ትንፋሽ አጠራቸው። አንዲት ቃል አልባከነችም። ደም እንደ ጎርፍ የለም፤ አውራ ጣቱ ብቻ ነው ያለው። አጥፊው ሊሏት አሰቡ። መልሰው ግን ጨረቃ ላይ ማን መጥቶ ይፈልገናል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ፤ የልጅቷም ፊት የበራው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«ጥሩ ነው» አሏት። ወጣ። እስከ ማታ አንባቢው ሁሉ እንዲህ ያለ ጽፈሽ አታውቂም አላት።

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ የኢልያስ ታናሽ ወንድም ሙጂብ መጣ። ቀወት ወረዳ ውስጥ የባጃጅ ሹፌር ነው። ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ሲገባ ሲያዩ እትዬ ሙሀባ ልባቸው መለስ አለ፤ ለጠብ የመጣ ሰው ጫማውን አያወልቅም። ሰላምታ ግን አላቀረበም። በሩን በተረከዙ ዘጋው፤ ከሽርጡ ሥር ገጀራ አወጣ።

የሲሃምን ሹሩባ ጠምዝዞ ጎተታት፤ በግንባሯ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጫት። እትዬ ሙሀባ ሊይዙት ሲዘሉ በክርኑ ደረታቸውን መታቸውና ግድግዳው ሥር ወደቁ።

«ጭቃውን ከየት አመጣሽው?» አላት። ድምፁ ከፍ አላለም።

«ፈጠርኩት።»

«የኢልያስን ሬሳ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን። ከጉሮሮው ያወጣሁት በዚህ ጣቴ ነው። አጣቢ ያየውን አያወራም፤ ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም። እና አንቺ ከየት?»

«አጋጣሚ ነው፣ ወላሂ» አለች ሲሃም። ደም ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። «በቀን አንድ ምዕራፍ የሚጽፍ ሰው የመጣለትን ነው የሚጨምረው። በዚያ ሁሉ መሐል አንዱ ቢገጥም ምን ይገርማል?»

የምዕራፎቿን ብዛት ጋሻ አደረገችው። እትዬ ሙሀባ ወለሉ ላይ ሆነው፣ አላህ ሆይ ይመናት አሉ።

ሙጂብ ራሱን ነቀነቀ። «አምስት መቶ ስልሳውንም ተሳፋሪ ስጠብቅ አንብቤልሻለሁ። ስትፈጥሪ አውቅሻለሁ። ስትፈጥሪ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሞተው፤ እየሳቅኩ ነው የማነብሽ። ይኼኛው ላይ አልቸኮልሽም። ይኼኛው ቆንጆ ነው።»

ቆንጆ ነው ሲል ድምፁ ተሰበረ። ገጀራው ወረደ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስልክ ለሁለት ተከፈለ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ እሱ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ድጋሚ አወረደው። ትንሿ ጣቷ ተቆርጣ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። የሲሃም ጩኸት ቤቱን ሞላው። እሱ የሚቀጥለውን ጣት ለየ።

«ማን ነገረሽ?»

ሲሃም እያለቀሰች ጭንቅላቷን ወዘወዘች። አንድ ጊዜም ወደ አያቷ አልዞረችም፤ ዓይኗ እንዳይከዳት ግድግዳውን ነው የምታየው። እትዬ ሙሀባ ያን ጊዜ ገባቸው። ልጅቷ ማክሰኞ ዕለት ትኩር ብላ ያየቻቸው ጊዜ ሁሉንም አውቃለች።

አይቻለሁ፣ ግን ሰውየውን አላወቅኩትም ሊሉ አስበው ነበር። ለዚያ የሚሆነውን ውሸት እንኳ እያሰናዱ ነበር። ገጀራው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን ከአፋቸው የወጣው ሌላ ሆነ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት። ያየሁት እኔ ነኝ። ኢብሮ ነው።»

ሙጂብ የሲሃምን እጅ ለቀቀው፤ እሷም የሚደማ እጇን በጉያዋ ደብቃ ተጠቀለለች። እሱ የገጀራውን ግራና ቀኝ በመጋረጃው ጠረገ።

ሐሙስ የኢብሮ የውሃ ተራ ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ሰዓት ቦይ አፍ ላይ ብቻውን፣ ጎንበስ ብሎ ግድብ እየከፈተ ነው። እትዬ ሙሀባ በጉልበታቸው እየዳኹ ሄደው የሙጂብን እግር አቀፉ።

«ሽማግሌ አለ፣ ሕግ አለ፣ ልጄ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው አይደል የምትሄደው? ሙጂብ፣ ወደ ጣቢያው ነው አይደል?»

እግሩን ቀስ አድርጎ ከእጃቸው አላቀቀ። የስልኩን ስብርባሪ ተራምዶ በሩን ከፈተ። ደጃፉ ላይ ጫማውን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል አጠለቀና ገጀራውን እንደያዘ ወጣ።