ግራዋ የገባበት ጎመን

ሐሙስ ሐሙስ ማታ አራት ሰዎች የየቤታችንን እራት ይዘን በተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ለብቻህ ብትሆን ኖሮ ያን ቀን ማታ የምትበላውን ነው ይዘህ የምትመጣው። ድንች ከሆነ ድንች፣ ሽሮ ከሆነ ሽሮ። ዶሮ ሠርቶ የመጣ ሰው የሁሉንም ዕቃ ያጥባል። ሕጉ የወጣው ዓለምብርሃን አንድ ጊዜ በስልኩ ያየውን የባዕድ አገር ምግብ ልሥራላችሁ ብሎ ሦስት ሰዓት አስጠብቆን ጥሬ ሩዝ ካበላን በኋላ ነው።

እኔ እዚያ የምደርሰው ደክሜ ነው። ደባርቅ ፈረንጅ ከራቃት ወዲህ በቅሎዬ አሸዋ ነው የምትሸከመው። ከኋላዋ ሳዘግም ውዬ ማታ ላይ ጉልበቴ የእኔ አይመስለኝም። እሷም ደክሟታል። ባለፈው ዳገቱ መሀል ላይ ቆማ ዞር ብላ አየችኝና «ገዱ፣ ዛሬ ደግሞ አንተ ተሸከመኝ» ብላኛለች። ማንም አላመነኝም። እኔ ግን በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ስንዱ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመገብበት ክበብ ወጥ ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ለሰማንያ ሰው ሠርታ፣ ማታ ክንዷን እያሸች ትመጣለች። ዓለምብርሃን የዳባት ልጅ ነው፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፣ ሚስት የለውም፣ ጨው በማንኪያ ይለካል። አራተኛውና ታላቃችን ጋሼ ፀጋው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተራራው ላይ ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ፣ ድንኳን ውስጥ ለፈረንጅ ሲያበስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም ጓዝ ስጭን እያዩኝ፣ ሽንኩርት እያስከተፉ ወጥ መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጨነቅ ላይ ወጥ ጥደው ዞር ሲሉ ጭላዳ ዝንጀሮ መጥቶ ክዳኑን ገልጦ፣ ጣቱን ነክሮ ቀምሶ፣ ራሱን እየነቀነቀ «ዛሬስ ተጠብበዋል» ብሎ ሄደ። ይህን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ የከተማው ግማሽ ያምነዋል።

እውነተኛው ነገር ግን ከዚህ አያንስም። ሁዳዴ ላይ ፈረንጅ ሥጋ ይበላል፣ አብሳዩ ይጾማል። ሥጋውን መቅመስ አይችልም። ጨዉን በጣት ቁንጥጫ፣ ሌላውን በአፍንጫ ነው የሚያውቀው። እዚያ ላይ ጋሼ ፀጋውን የሚያህል አልነበረም። ሃምሳ አምስት ቀን ሳይቀምሱ አብስለው አንድ ሳሕን ተመልሶባቸው አያውቅም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጾም ባልሆነበትም ቀን መቅመስ ተዉ። ጭልፋውን ለእኛ እየሰጡ «እናንተ ቅመሱልኝ» ይላሉ። እኛ ምን እንበል? ስለት አለባቸው አልን። ልክ ነው፣ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። በሽታ ላይ ሳሉ ተስለው ነው፣ ሰባት ዓመት ከምድጃ ላይ ላይቀምሱ ቃል ገብተዋል ብዬ አወራሁ። ወሬው ገበያ ወርዶ ሲመለስ ሰባቱ ዓመት ዕድሜ ልክ ሆኖ ነበር። ጎረቤታቸው በሬዋ ጠፍቶባት ጸልዩልኝ ብላ መጣች። በሬው በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ ከዚያማ ማን ይመልሰዋል። እሳቸው አዎንም አይሉ፣ አይደለምም አይሉ።

በጥር መጨረሻ ዘመነ ወደ ከተማ ብቅ አለ። ዘመነ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ጓዝና ሰው የሚያደራጅ ነው። ስድስት ፈረንጆች ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን ይመጣሉ፣ ስምንት ቀን ተራራ ላይ ያድራሉ፣ በጃናሞራ በኩል ይወርዳሉ አለ። አብሳይ ይፈልጋል። ጋሼ ፀጋው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። የድንኳኑን ድስቶች አውርደው አጠቡ፣ መልሰው ሰቀሉ፣ በማግሥቱ ደግሞ አውርደው አጠቡ። ተራራ ሳይወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግሩት ያው ድስቱን ነው። ዘመነ በሐሳቡ ሌላም አብሳይ ይዟል። ጾሙ ሊገባ ሲል ባለው ሐሙስ ከእናንተ ጋር እራት ልብላ አለን። ለፈተና ሲሆን ሁሉም ያሳምራል፣ እኔ የዕለት እጃቸውን ነው ማየት የምፈልገው ብሎ።

ከዚያ በፊት ግን የእኔ ተራ የሆነው ሐሙስ ነበር።

ዓለምብርሃን ሰሞኑን አንድ ጉራ ጀምሮ ነበር፤ ዓይኔን ብትሸፍኑኝ ወጡ ውስጥ ያለውን ቅመም አንድ በአንድ እቆጥራለሁ ይላል። እንግዲህ ይቁጠር ብዬ በሌላ ትንሽ ድስት ግራዋ አበሰልኩ። ግራዋ የጠላ ጋን የሚታጠብበት መራራ ቅጠል ነው፤ ፍየል እንኳ አሽትታ ታልፈዋለች። ደቅቆ ሲከተፍና በዘይት ሲበስል ግን ከጎመን የሚለየው ምላስ ብቻ ነው። ትሪው ላይ በአንድ በኩል ጎመኔን፣ በሌላ በኩል ጥቂት ጎመን የተቀላቀለበትን ግራዋ አደረግሁና ግራዋውን ወደ ዓለምብርሃን አዞርኩት። እጄን ልታጠብ ስነሣ ስንዱ የእሷን ሽሮ ልታስገባ ትሪውን አነሣችው፤ ስትመልሰው ዞሯል።

ታጥቤ ስመለስ ጋሼ ፀጋው ከግራዋው ጎርሰዋል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት፤ አሁን ይተፉታል፣ እንስቃለን፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አኘኩ። ዋጡ። ሌላ ቆረሱ። ዓለምብርሃን በእሱ በኩል ያለውን ደኅናውን ጎመን እየበላ ጣቱን ይልሳል። ጋሼ ፀጋው ፊቱን አዩ፣ የስንዱን ፊት አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ገዱ፣ ዛሬ ቀንቶሃል» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ጠርገው በሉት። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳካ ተንኮል ሠርቼ አላውቅም፤ ሳቄ ግን አልመጣም።

ልሸኛቸው አብሬ ወጣሁ። ከገበያው በታች እስክንደርስ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ጎመኑ እንዴት ነበር?»

«ነገርኩህ እኮ።»

«ግራዋ ነው የበሉት።»

ቆሙ። አንድ ባጃጅ አቧራውን እያስነሣ አለፈን።

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«እኔ ብቻ።»

«አንተ ካወቅህ ዳባትም ያውቃል» አሉና ከአንድ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

ክረምት ላይ ትኩሳት ይዟቸው ከተነሡ በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ። ምላሳቸው ደነዘዘ፣ አፍንጫቸውም አብሮ ሄደ። በርበሬው ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም፤ የቀረው ሁሉ አፋቸው ውስጥ እንደ እርጥብ ወረቀት ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ይመለስ ይሆናል፣ ጠብቁ ተብለዋል። የሚያበስሉት በጆሮ ነው፤ ሽንኩርት ሲበስል ድምፁ ይለወጣል። ጨዉን ጣታቸው ያውቃል። ገበታ ላይ የእኛን ፊት አይተው ነው የሚናገሩት። ለዚህ ነው ሁልጊዜ መጨረሻ የሚናገሩት፣ እኛ ትሕትና ነው ስንል የነበረው። ስለቱን ሲሰሙ ለጥቂት ቀን ይሁን አሉ፤ በሬው ከተገኘ በኋላ ግን መውረጃው ጠፋቸው።

«ታዲያ ለዘመነ ምን ሊሉት ነው?»

«እሱን ነው የማስበው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሥጋው ቢሸት አላውቅም። ሰው አበላሽቼ ብገድልስ?»

«ይቅርብዎት እንግዲህ።»

«ቢቀርብኝ ምን እሆናለሁ ገዱ?» አሉ። እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እኔ ነበርኩ።

አብሬዎት ልሂድ፣ በቅሎዬንም እጭናለሁ፣ አፍንጫዎም እሆናለሁ አልኳቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«አንተ ደኅና ነው ስትለኝ እኔ አምኜ ላቅርብ? በቅሎ ያናገረችህ ሰው እኮ ነህ።»

ቤታቸው አድርሻቸው ተመለስኩ።

ሐሙስ ዘመነ መጣ። የጋሼ ፀጋው ተራ ነበር፤ ምስር ሠሩ። እኔ ቀድሜ ሄጄ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ደርሷል ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አዘንብለው ራሳቸው ሰምተው ነው ያወረዱት። አልተቀየምኩም። ስንዱ ሽሮዋንና ለመጨረሻ ጊዜ በቅቤ እንብላው ብላ ትንሽ ቅቤ በዕቃ ይዛ መጣች። ዓለምብርሃን ፓስታ አመጣ፤ ዶሮ ስላልሆነ አለፈ።

ዘመነ ሲበላ የማይናገር ሰው ነው። ምስሩን ደጋግሞ ወሰደ። ትሪው ባዶ ሲሆን እጅዎ እንዳለ ነው አላቸው። ስለ ስለቱም ሰምቻለሁ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከየት ይገኛል፣ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው አለ። መንገዱ ተጠርጎላቸው ነበር። የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ በውሸቴ። የሚጠበቅባቸው ዝም ማለት ብቻ ነው። እኔም ዝም እንዲሉ በልቤ ለመንኩ።

ጋሼ ፀጋው የያዙትን እንጀራ አስቀመጡ።

«ስለት የለብኝም፤ ይህን ያወራው ገዱ ነው። ምላሴም አፍንጫዬም ከክረምት ወዲህ አይሠሩም። ሳትሰማው ብትወስደኝ ነውር ነው።»

ስንዱ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«እና የእኔን ሽሮ ሰባት ወር ሙሉ ግሩም ነው ያሉኝ?»

«ፊትሽን እያየሁ ነበር ልጄ። ደክሞሽ ስትመጪ ሌላ ምን ልበልሽ?»

ስንዱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ አደረገች። ዘመነ ሌላውን ሰው ቢወስድ እንደሚሻል፣ እሳቸውን ብቻቸውን መላክ እንደማይችል በቀስታ ነገራቸው። ጋሼ ፀጋው እሺ አሉ። እሺ ሲሉ እጃቸው ትሪው ጠርዝ ላይ ነበር፣ አላነሡትም።

«እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ አፍንጫዬ ደኅና ነው» አልኩ።

ሁሉም አዩኝ። ዓለምብርሃን እንኳ አልሳቀም። በዚያች ደቂቃ ያወራሁት ሁሉ፣ ጭላዳውም፣ በቅሎዋም፣ በሬውም ተሰብስቦ መጥቶ እዚያ ቤት መሀል የተቀመጠ መሰለኝ።

ስንዱ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት ሲኒ በሳሕን ክዳን ሸፍና መጣችና ፊቴ አስቀመጠች። «በአንዱ የእኔ ቅቤ አለ፣ በሌላው ከጋሼ መደርደሪያ ያገኘሁት፤ ሁለቱንም አሽትቼያለሁ፣ ቀልድ ካለህ አሁን ውጣ» አለችኝ።

መቀለድ ቀላል ነበር፤ እዚህኛው ውስጥ የጠፋው በሬ ይሸተኛል ማለት ይበቃ ነበር፣ ዓለምብርሃንም ይስቅ ነበር። አንዱን ገለጥኩ፣ አሸተትኩ፣ ከደንኩ። ሌላውን ገለጥኩ።

«የግራው ያንቺ ነው፣ የዚህ ሳምንት። የቀኙ የሞተ ነው፤ ወራት ሆኖታል፣ ይደፋ።»

ስንዱ ወደ ዘመነ ዞራ ራሷን ነቀነቀች።

«ከዚያኛው እኮ ዛሬ ጠዋት ቂጣዬን ቀብቼ በልቻለሁ» አሉ ጋሼ ፀጋው ዝግ ብለው።

ዘመነ ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሁለታችሁም ከነበቅሎዋ እንድትደርሱ አለ። እሳቸው ያበስላሉ፣ ሥጋና ቅቤ ሁሉ በእኔ አፍንጫ ሳያልፍ ድስት አይገባም። አንዴ ድስቱ አጠገብ ከቀለድኩ ሁለታችንንም ከሳንቃ በር በእግር ይመልሰናል። ይህን የተናገረው እሳቸውን እያየ ነው።

ሌሎቹ ሄዱ። እኔ ዕቃ ላጥብ ቀረሁ፤ ጉልበቴ ስለማይታጠፍልኝ ሳፋውን ዱካ ወንበር ላይ አውጥቼ ቆሜ ነው የማጥበው። ጋሼ ፀጋው ድስቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሥሩ የቀረውን ምስር በእንጀራ ጠረጉ። ጎረሱና ብዙ አኘኩ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

እጄን አደራርቄ መጣሁና ከዚያው ድስት ጎረስኩ። ዘመነ ደጋግሞ ያነሣው ምስር ነው፤ ሁሉም ያመሰገነው።

«ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል» አልኳቸው።

«በዝቷል?»

«በዝቷል። ትንሽም አሯል፤ መጨረሻ ላይ ይመራል።»

ድስቱን አጋድለው ውስጡን አዩት። ነጭ ሽንኩርቱ ደርሷል ስላቸው ወዲያው አለማውረዳቸው ትዝ ያላቸው መሰለኝ። እንደገና ቆረሱ፣ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀጥል» አሉኝ።