በሀናድ ካርድ የመጣው ልጅ

ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁመቱ ጨምሮ ክብደቱ ቀንሶ መጣ። የተራበ ልጅ ይከሳል እንጂ በዚህ ፍጥነት አያድግም። የቁመት መለኪያው እንጨት ላይ ድጋሚ አቆምኩት። ያው ነው።

“ምነው ዒፍራህ፣ ኮት ልትሰፊለት ነው?” አለችኝ ልጁን ያመጣችው ሆዶ በሶማሊኛ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

2009 ዓ.ም. ነበር። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። ሀርሺን አጠገብ ባለች ቀበሌ፣ ጤና ኬላው ግቢ ውስጥ፣ በየሁለት ሳምንቱ የከሱ ሕፃናትን እየመዘንን ፕላምፒ የሚባለውን የለውዝ ምግብ እናድላለን። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩ የጅጅጋ ልጅ ነኝ። አለቃዬ ጋሽ ዘነበ ከደብረ ብርሃን የመጡ ነርስ ናቸው። ሶማሊኛቸው ከሰላምታ ስለማያልፍ የሚናገሩትም የሚሰሙትም በእኔ በኩል ነው።

ከጥቂት ቀናት በፊት ጅጅጋ ገበያ ውስጥ፣ ከስኳርና ከሩዝ አጠገብ፣ ፕላምፒ ተደርድሮ ሲሸጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን እናት በጎን አያለሁ። ልጅ ተውሰው የሚመጡ አሉ ሲባልም ሰምቻለሁ። የሆዶ እግር ላይ ያለው አዲስ ነጠላ ጫማ እንኳን ደስ አላለኝም። የልጇን የሀናድን መልክ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። የከሳ ፊት ሁሉ ይመሳሰላል። ዓይኑ ይተልቃል፣ አገጩ ይሾላል።

“ምንድን ነው ችግሩ?” አሉ ጋሽ ዘነበ።

“ቁመቱ ከካርዱ ጋር አልገጠመልኝም።”

“ስሙን ጠይቂው።”

ጠየቅኩት። “ሀናድ ሀይቤ” አለ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ።

“ይኸው! ባለፈው ስትለኪ ተሳስተሽ ይሆናል” ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

እዚያ ላይ መተው እችል ነበር። መልሱ ግን በጣም ፈጠነብኝ። ጎንበስ ብዬ “እስቲ አባቶችህን ቁጠርልኝ” አልኩት።

አብትርሲ እንለዋለን። ልጅ አፉን እንደፈታ ከራሱ ስም ጀምሮ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ወደ ላይ መቁጠር ይማራል። ትልቅ ሰው ሲጠይቀው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚመልሰው። ይህም ልጅ ደረቱን ነፋ።

“ተይው፣ ደክሞታል” ብላ ሆዶ ክንዱን ስትይዘው ጀምሮ ነበር።

“ሻርማርኬ፣ ቢሌ፣ ሮብሌ፣ ጉሌድ፣ ሰመተር” አለ። ሰመተር ላይ ቆመና እንዳመሰግነው ቀና ብሎ አየኝ።

ሰልፉ ጸጥ አለ። ስሙን እንዲዋሽ አስተምረውታል። አባቶቹን ይጠየቃል ብሎ ግን ማንም አላሰበም።

ጋሽ ዘነበን የጠራቸው ጸጥታው ነው። “ምን አለ?”

“የሆዶ ልጅ አይደለም።”

ሆዶ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። “ሀናድ ጅጅጋ አክስቱ ጋ ነው! ፍየሎቹ ሲያልቁ ላክሁት። ይሄ በድርቁ ተፈናቅላ የመጣችው የጎረቤቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትመጣ የዚህ ቀበሌ አይደለሽም ብላችሁ መለሳችኋት። የልጄ ካርድ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።”

“ፕላምፒውንስ? ልትሸጪው ነበር?” አልኳት።

“ልጁ ሊበላው ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ነሽ ወይስ ፖሊስ?”

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ያለችውን ለጋሽ ዘነበ ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ዘነበ የልጁን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ ለኩት። ቀይ ላይ ወደቀ። ከቀይ በታች ሌላ ቀለም የለም። ጥብጣቡን ሳይፈቱ ቀና አሉ።

“በሌላ ልጅ ስም አንድም አልሰጥም። በዚህ ነገር ባለፈው ወር የጎረቤት ቀበሌ እደላ ተዘግቷል” አሉ። “እዚህ የሚኖር ዘመድ ካለው ግን በራሱ ስም አስገባዋለሁ። ከሌለው አልችልም። እናቱስ የት ናት?”

ተረጎምኩ። ልጁ ወደ ሰልፉ ጫፍ ሲያይ፣ ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ሴት ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ልጄ ነው ብትል ሁለቱንም የምናባርራቸው መስሏት ይሆናል።

ያኔ ጄሪካን ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኤዶ፣ ማለትም አክስት፣ የምንላቸው ዓሻ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዝኑ የመጡ የቀበሌው ሰው።

“ሰመተር ላይ ነው ያቆምከው ልጄ?” አሉት። “ሰመተር... ፋራህ። ፋራህ... ሊባን። ሊባን... ሙሴ። ሙሴ እኮ የኔም የዘር አባት ነው። ይሄ ልጅ ዘመዴ ነው።”

ከእያንዳንዱ ስም በፊት ወደ ላይ ያዩ ነበር። እያስታወሱ ይሁን እየፈጠሩ አልለየሁም። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

“እውነት ነው?” አሉኝ ጋሽ ዘነበ፣ ስተረጉምላቸው።

እኔ የራሴን አባቶች እንጂ የእሳቸውን ከየት አውቃለሁ? ሆዶ መሬት መሬት ታያለች። ልጁ ጥብጣቡ ክንዱ ላይ እንዳለ ቆሞ ይጠብቃል።

“ነው” አልኩ።

ጋሽ ዘነበ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በሻርማርኬ ቢሌ ስም አዲስ ካርድ አወጡና ፕላምፒውን ለኤዶ ዓሻ አስረከቡ። የሀናድን ካርድ ኪሳቸው ከተቱት። ሆዶ ወጣች።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ሚዛኑን ትቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ልጁ አንዱን ፓኬት ጫፉ ላይ ቀዶ ይመጠምጣል። ባለጥቁር ጅልባቧ ሴት እኔን ስታይ እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች። የቀረው ፓኬት ሁሉ ኤዶ ዓሻ እቅፍ ውስጥ ነበር።

“ኤዶ፣ ጋሽ ዘነበ አይሰሙም” አልኳቸው። “እውነት ዘመድዎ ነው?”

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?”